ፍሎረንስን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፦ የቶስካናን ገጠርና ትናንሽ ከተሞች እንዴት እንደምትዞሩ

ፍሎረንስ ሄዶ ሁለት ቀን አድሮ፣ ዱኦሞው (ትልቁ ካቴድራል) ፊት ተሰልፎ፣ የዴቪድን ሐውልት አይቶ "ቶስካናን ጨረስኳት" ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደዛ ነበርኩ ስለዚ መፍረድ አልችልም። ግን ፍሎረንስ የቶስካና ዋና ከተማ ናት እንጂ ቶስካና አይደለችም። ክልሉ ከባህሩ ዳር እስከ አፔኒን ተራራ ኮረብታ በኮረብታ ነው፣ ብዙዎቹ ኮረብቶች አናት ላይ ደሞ በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ተቀምጣለች፣ እና እነዚህ ከተሞች በመካከለኛው ዘመን እርስ በርስ ሲዋጉ ስለኖሩ እያንዳንዷ የራሷ ጠባይ የራሷ ምግብ የራሷ ኩራት አላት፣ የሲዬናን ሰው ፍሎረንሳዊ ብላችሁ እንዳትጠሩት። ከዛ በኋላ ደጋግሜ ተመልሻለሁ፣ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ሰዓቱን ሁሉ በጣሊያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ በኛ ሰዓት አንብባችሁ ባቡር ቢያመልጣችሁ የለሁበትም።

ዋናው ነገር እዛው ማደር ነው። አብዛኛው ሰው ፍሎረንስ ሆቴል ይይዝና "ሲዬና፣ ሳን ጂሚኛኖ፣ ፒሳ በአንድ ቀን" የሚል የአስጎብኚ አውቶብስ ውስጥ ይገባል። ሳን ጂሚኛኖን በ12:00 ሰዓት ያያት ሰው አይስክሬም የያዘ ሰልፍ ነው ያየው፣ ዋናው መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ ነው የሚሄዱት። አውቶብሶቹ አመሻሹ ላይ ጠቅልለው ሲወጡ ግን ከተማዋ ሌላ ናት። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ልጆች አደባባዩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ግንቦቹ በመሸ ብርሃን ቀይ ይሆናሉ። ድሮ 72 ያህል ግንብ ነበራት ይባላል፣ ሀብታሞቹ ማን ይበልጣል እያሉ ሽቅብ ሲገነቡ፣ አሁን 14ቱ ቆመዋል። ጠዋት ደሞ እስከ 9:30 ድረስ ከተማዋ የናንተ ናት። ስለዚ አምስት ቀን ካላችሁ ሁለቱን ለፍሎረንስ ስጡና ሶስቱን ውጪ እደሩ፣ ሶስቱንም ሌሊት አንድ ቦታ፣ በየቀኑ ሻንጣ እየጎተቱ መንከራተት ትርፉ ድካም ነው። በነገራችን ላይ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍና ዳገት ስለሆነ ጎማ ያለውን ትልቅ ሻንጣ ፍሎረንስ አስቀምጡና በጀርባ ቦርሳ ሂዱ።

የት እንደምታርፉ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ መኪና ትይዛላችሁ ወይስ አትይዙም የሚለው ነው፣ ውበቱን በኋላ አስቡት፣ ሁሉም ቆንጆ ናቸው። መኪና ከሌላችሁ ባቡር የሚደርስበት ከተማ ላይ ተቀመጡ፦ ሉካ፣ አሬዞ፣ ሲዬና። ሶስቱም ከፍሎረንስ በክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናቸው፣ የክልል ባቡር ዋጋ ደሞ እንደ ፈጣኑ ባቡር ቀኑ ሲቀርብ አይጨምርም፣ ስለዚ ቀድሞ መግዛት ግዴታ አይደለም። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ማህተም አስመቱ፣ ትኬት እያለ ያለማህተም መገኘት ያስቀጣል፣ ተቆጣጣሪው ደሞ "አላወቅኩም ነበር" የሚለውን በየቀኑ ሲሰማው ነው የሚውለው። ወደ ሲዬና ግን ከባቡሩ ፈጣኑ አውቶብስ ይሻላል ባይ ነኝ፣ መሀል ከተማ አጠገብ ያወርዳችኋል፣ ባቡር ጣቢያው ከኮረብታው ስር ነው ያለው።

ሳን ጂሚኛኖ፣ ቮልቴራ፣ ፒየንዛ፣ ሞንቴፑልቻኖ እነዚህ ከተማው ድረስ የሚወስድ ባቡር የላቸውም። ሞንቴፑልቻኖ የሚል ጣቢያ ካርታ ላይ ታያላችሁ፣ እንዳትሸወዱ፣ ከከተማዋ ሩቅ ሜዳ ላይ ነው። ኮርቶናም ጣቢያው ካሙቻ የምትባል ከስር ያለች ሰፈር ላይ ሆኖ ከተማዋ ከላይ ናት፣ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ዳገት። ለሳን ጂሚኛኖ በባቡር ፖጂቦንሲ ድረስ ትሄዱና ከጣቢያው ፊት አውቶብስ ትይዛላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

እዚህ ጋ ስለ አውቶብስ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው የሚቀልጠው እዚህ ነው። ከህዳር 2021 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የክልሉን አውቶብስ በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ድርጅት ነው፣ አውቶሊኔ ቶስካኔ፣ ስለዚ አንድ አፕ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። አፕ ካልፈለጋችሁ ትልቅ ቲ ፊደል የተለጠፈበት ታባኪ (የሲጋራ ሱቅ) ገብታችሁ ትኬት ትገዛላችሁ። የጊዜ ሰሌዳው ላይ ግን ሶስት ቃል እወቁ፦ "ፌሪያሌ" ማለት የስራ ቀን ነው፣ ቅዳሜም ይጨምራል፣ "ፌስቲቮ" ማለት እሁድና በዓል ነው፣ "ስኮላስቲኮ" ማለት ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ብቻ የሚሄድ ማለት ነው። የገጠር አውቶብስ በዋናነት ለተማሪ የተዘረጋ ስለሆነ ትምህርት ሲዘጋ ግማሹ መስመር ይጠፋል፣ እሁድ ደሞ ብዙ መንደር ውስጥ ምንም አውቶብስ የለም። እኔ አንዴ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ ተማምኜ እሁድ ቀን አንዲት መንደር ላይ ምሳዬን በልቼ ዘና ብዬ ወጣሁ፣ ማቆሚያው ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ አንዲት አሮጊት መስኮት ከፍተው አይተውኝ ሳቁ፣ "ዶማኒ!" አሉኝ፣ ነገ ማለት ነው። ስለዚ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ነገር መመለሻው ይሁን። የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ለመያዝ አስቡ፣ እሁድን ደሞ ለትልቁ ከተማ አስቀምጡት።

መኪና ከያዛችሁ አለም ተከፈተላችሁ፣ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ስሙ ዜድ ቲ ኤል ይባላል፣ ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ፣ የነዋሪ ካልሆነ መኪና የማይገባበት የድሮው ከተማ ክፍል ማለት ነው። በር የለውም፣ ፖሊስም የለም፣ ካሜራ ብቻ ነው ያለው። ነጭ ክብ ቀይ ጠርዝ ያለው ምልክት ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ጋ ደሞ "ቫርኮ አቲቮ" የሚል መብራት ይበራል፣ እሱ ማለት በስራ ላይ ነው አትግቡ ነው፣ "ኖን አቲቮ" ከሆነ ማለፍ ይቻላል። ብዙ ሰው "አቲቮ" የሚለውን ክፍት ነው ብሎ ይረዳውና ዘው ይላል። ፍሎረንስ፣ ሲዬና፣ ሉካ፣ ሁሉም አላቸው። ጂፒኤሱ ቀጥታ ወደ ውስጥ ሊወስዳችሁ ይችላል፣ አትመኑት። ጓደኛዬ ሆቴል ፍለጋ ሶስት ጊዜ ሲዞር ሶስት ጊዜ ተቀጥቶ ደብዳቤው ከወራት በኋላ ነው ቤቱ የመጣው፣ አከራዩ ድርጅት ደሞ ስሙን ለፖሊስ ለሰጠበት ብቻ ለየብቻ ሂሳብ ቆርጦበታል። ሆቴላችሁ ዞኑ ውስጥ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉና ታርጋችሁን አስመዝግቡ፣ ካልሆነ ከግንቡ ውጪ አቁሙ። የማቆሚያ መስመሩ ነጭ ከሆነ ነጻ ነው (ዲስክ፣ ማለትም የደረሳችሁበትን ሰዓት የምታሳዩበት ካርድ፣ ወይም ሰዓት ተጽፎ እንደሆነ ምልክቱን እዩ)፣ ሰማያዊ ከሆነ ከማሽኑ ከፍላችሁ ወረቀቱን መስታወት ስር ታስቀምጣላችሁ፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ብቻ ነው።

ሌላ ሌላውን በፍጥነት ልበል። ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የወጣ መንጃ ፈቃድ ከሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ መያዝ አለበት። ኪራይ መኪና በብዛት ማንዋል ነው፣ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከፍሎረንስ ሲዬና ያለው ፈጣን መንገድ ክፍያ የለውም። ነዳጅ ማደያ "ሰርቪቶ" የሚለው ሰው የሚቀዳላችሁ ስለሆነ ይወደዳል፣ "ፋይ ዳ ቴ" ራሳችሁ የምትቀዱት ነው፣ እሁድና በምሳ ሰዓት ማሽን ብቻ ስለሚሆን ካርዳችሁን እንቢ ካለ ብላችሁ ጥሬ ብር ያዙ። ወይን እቀምሳለሁ የምትሉ ደሞ የአልኮል ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሶስት ዓመት ላልሞላው ዜሮ፣ ስለዚ አንዱ ሰው ይጹም። "ስትራዴ ቢያንኬ" የሚባሉት ነጭ የጠጠር መንገዶች ላይ ግቡ፣ አትፍሩ፣ ቀስ ብላችሁ ብትነዱ ለማንኛውም መኪና ይሆናሉ፣ አቧራው ብቻ ነው።

ወዴት እንሂድ ለሚለው እኔ የምመርጠውን ልንገራችሁ፣ ሁሉንም አልዘረዝርም።

አሬዞን አስቀድማለሁ፣ ሰው ይንቃታል፣ ለሀበሻ ግን ከፍሎረንስ ቀጥላ መታየት ያለባት እሷ ናት ባይ ነኝ። ምክንያቱም የሳን ፍራንቼስኮ ቤተክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ላይ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የሚባለው ሰዓሊ በ1450ዎቹና 60ዎቹ የቅዱስ መስቀሉን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሎታል። ንግሥት ዕሌኒ መስቀሉን ስታስቆፍር አለች፣ በደመራ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪክ ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ደሞ ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ስትሄድ መንገድ ላይ ለድልድይ የተጋደመው እንጨት የመስቀሉ እንጨት መሆኑ ተገልጦላት ተንበርክካ ስትሰግድ ትታያለች፣ ቀጥሎ ከሰሎሞን ጋር ስትጨባበጥ። እርግጥ ሳባችንን ፈረንጅ አድርጎ ነው የሳላት፣ አጃቢዎቿም የጣሊያን ወይዛዝርት ናቸው፣ ግን እዛ ቆሜ አጠገቤ ለነበሩት ቱሪስቶች ታሪኩን በሙሉ ሳላነብ ስተርክላቸው የተሰማኝ ኩራት ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ሰዓት ቀድማችሁ አስይዙ። በወሩ የመጀመሪያ እሁድና ከሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሄዳችሁ ከ1968 ጀምሮ የሚካሄደው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከተማዋን ሞልቷት ታገኛላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን የዛን ቀን ሆቴል ውድ ነው።

ፎቶ ላይ የምታዩት ያ ጽድ የተሰለፈበት ኮረብታ ቫል ዶርቻ ነው፣ ከሲዬና ወደ ደቡብ፣ በ2004 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ እዛ ያለ መኪና መዞር በጣም ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። መሀሉ ላይ ፒየንዛ አለች፣ አንድ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ፒዮስ ሁለተኛ፣ የተወለደባትን ጎስቋላ መንደር በ1459 ጀምሮ ለራሱ ክብር እንደ አዲስ ያሰራት፣ ስሟንም በስሙ የቀየራት፣ በሃያ ደቂቃ ዳር እስከ ዳር ታልቃለች፣ ከግንቧ ላይ ሆኖ ሸለቆውን ማየት ግን ሰዓት አይበቃውም። ባኞ ቪኞኒ ደሞ አደባባይ የላትም፣ አደባባይ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ የፍል ውሃ ገንዳ ነው ያለው፣ መዋኘት ክልክል ነው፣ እንፋሎቱን በጠዋት እዩት። ፍል ውሃ ውስጥ መግባት የፈለገ ወደ ሳቱርኒያ ይውረድ፣ 37.5 ዲግሪ የሆነ ውሃ በነጭ ድንጋይ እርከን ላይ ይወርዳል፣ ክፍያ የለውም፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ቦታ አይገኝም፣ ማልዳችሁ ሂዱ፣ ዕቃችሁን መኪና ውስጥ በሚታይ ቦታ አታስቀምጡ። ኮረብታው በግንቦት አረንጓዴ ነው፣ በሐምሌ ቢጫ፣ በመስከረም መጨረሻ የታረሰ ቡናማ፣ ያን የፖስትካርድ አረንጓዴ በነሐሴ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ይከፋዋል።

ሉካ የብስክሌት ከተማ ናት። የከተማው ግንብ ሙሉ በሙሉ ቆሟል፣ ዙሪያው ከአራት ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ አናቱ ላይ ዛፍ ተተክሎበት መንገድ ሆኗል፣ ብስክሌት ተከራይታችሁ ሁለት ዙር ሂዱ። ከዛ ጠዋት ወደ ጋርፋኛና የሚሄደውን ትንሽ ባቡር ያዙ፣ የወንዙን ሸለቆ ይዞ ተራራ ውስጥ ይገባል፣ ቱሪስት እያነሰ ይሄዳል፣ ቦርጎ አ ሞዛኖ ላይ የሰይጣን ድልድይ የሚሉት አህያ ጀርባ የሚመስል ድልድይ አለ። ከመሀል ቶስካና የተለየ ነው፣ ጫካ፣ ዝናብ፣ ፋሮ የሚባል የድሮ ስንዴና የቼስትነት ዛፍ፣ ለኔ ከኪያንቲ (በፍሎረንስና በሲዬና መሀል ካለው የወይን አገር) ይበልጥብኛል። ኪያንቲ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግሬቬ የምትባለው ከተማው ላይ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሲኖር ሂዱ፣ ግን መንገዱ ሁሉ የወይን መቅመሻ ምልክት ሆኗል።

ስለ ሰዓት። ትናንሽ ከተሞች ከ13:00 እስከ 15:30 ወይም 16:00 ይዘጋሉ፣ ሱቁም ቤተክርስቲያኑም። ይህን ያላወቀ ሰው በ13:30 ደርሶ "የሞተች ከተማ ናት" ብሎ ይመለሳል። ምሳ ከ12:30 እስከ 14:00 ባለው ካልተቀመጣችሁ እስከ 19:30 የምትበሉት ሳንድዊች ነው። የገበያ ቀን በየከተማው ይለያያል፣ ሲዬና ረቡዕ፣ ሳን ጂሚኛኖ ሐሙስ፣ ጠዋት ብቻ ነው፣ 13:00 ላይ ድንኳኑ ይፈታል። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል የአገሩ በዓል ነው፣ ብዙ ነገር ይዘጋል። ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 ሲዬና ውስጥ የፓሊዮ ፈረስ ውድድር አለ፣ ከ17ቱ ሰፈሮች አስሩ ይሮጣሉ፣ አደባባዩን ሶስት ጊዜ ዞረው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ያልቃል፣ ለዛች ደቂቃ ግን ለሰዓታት ፀሀይ ላይ መቆም ነው፣ ካልፈለጋችሁት በነዛ ቀናት ሲዬና አትሂዱ።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፣ ረስተውት አይደለም። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደሞ ደስ ይበላችሁ፣ የገበሬው ምግብ ለጾመኛ የተሰራ ነው የሚመስለው፦ ሪቦሊታ (የደረቀ ዳቦ፣ ቦሎቄና ጥቁር ጎመን ሾርባ)፣ ፓፓ አል ፖሞዶሮ (ዳቦ በቲማቲም የተቀቀለ)፣ በጋ ላይ ፓንዛኔላ (የረጠበ ደረቅ ዳቦ ከቲማቲም ጋር፣ ሰላጣ)፣ ባህሩ አካባቢ የሽምብራ ዱቄት ቂጣ። "ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፎርማጆ" በሉ፣ ያለ ስጋ ያለ አይብ፣ አንዳንዱ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ስጋ ጣል ያደርጋልና። ቋንቋውን አልችልም ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሳታውቁት ግማሹን ታውቃላችሁ፣ ፒያሳ አደባባይ ነው፣ መርካቶ ገበያ ነው፣ ፉርኖ ዳቦ ቤቱ ላይ ተጽፏል፣ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ፣ መኪና ለማሳጠብ ላቫጆ። ማኪያቶ ግን የኛን እንዳትጠብቁ፣ እዛ ወተት ጠብ ያለባት አንዲት ጉንጭ ቡና ናት፣ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ከመቀመጫው ትረክሳለች። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ "ቦንጆርኖ" በሉ፣ ሰላም ሳይሉ ዕቃ መነካካት እዛም ነውር ነው።

አግሪቱሪስሞ የሚባለው ገበሬ ቤት ማደር ለቤተሰብ ከሆቴል ይሻላል፣ ከ1985 ጀምሮ በህግ የሚታወቅ ነገር ነው፣ እውነተኛ እርሻ መሆን አለበት። ግን በጋ ላይ ብዙዎቹ ከአንድ ሌሊት በላይ ካልያዛችሁ አይቀበሉም፣ ሪሴፕሽን የለም ስለዚ የምትደርሱበትን ሰዓት አሳውቁ፣ እራት ከፈለጋችሁ ጠዋት ተናገሩ። በየሌሊቱ በሰው የሚከፈል ትንሽ የከተማ ግብር አለ፣ አጭበረበሩኝ እንዳትሉ።

በእግር መሄድ የምትወዱ ከሆነ ደሞ ከካንተርበሪ ሮም የሚሄደው የድሮ የተሳላሚ መንገድ፣ ቪያ ፍራንቺጄና፣ መሀል ቶስካናን ያቋርጣል። ሁሉንም መሄድ አያስፈልግም፣ ከሞንቴሪጆኒ ሲዬና ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ቀን። ሞንቴሪጆኒ 14 ግንብ ያላት ክብ አጥር ውስጥ የተቀመጠች ኩርምት ያለች መንደር ናት፣ ከሲዬና በአውቶብስ ጠዋት ሂዱና በእግር ተመለሱ፣ እንደዛ ካደረጋችሁ ስለ መመለሻ አውቶብስ አትጨነቁም። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይና የተሳላሚ ምስል ያለበት ምልክት ተከተሉ፣ ውሃ ሁለት ሊትር ያዙ፣ በሐምሌና ነሐሴ ከሆነ 7:00 ላይ ጀምሩ ጥላ የሌለው ረጅም ሜዳ አለ፣ የመንደር ቧንቧ ላይ "ኖን ፖታቢሌ" ከተጻፈ አይጠጣም። መጨረሻ ላይ በፖርታ ካሞሊያ በኩል ከተማው ውስጥ ትገባላችሁ፣ እግራችሁ ከዛለና የዛኑ ዕለት ፍሎረንስ የምትመለሱ ከሆነ ወደ መሀል አትዝለቁ፣ ከበሩ ሳትርቁ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያወርድ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፣ እሱን ይዛችሁ ውረዱ።